ቀለም ማስረጃ ሲሆን፦ ስለ ላፕቶፕ ማሳያ ፓነሎች የቀለም ጥራትና የእይታ ማዕዘን

በማንኛውም የድኅረ ምረቃ ጥናት የዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ተመራማሪው የተጠቀመበትን መሣሪያ እንዲገልጽ ይጠበቃል። ማይክሮስኮፑ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ካሜራው ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ሚዛኑ እስከ ስንት ሚሊግራም እንደሚለይ፣ መረጃው በየትኛው ሶፍትዌር እንደ ተተነተነ ይጻፋል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ በመረጃውና በተመራማሪው ዐይን መካከል የሚቆመው የመጨረሻው መሣሪያ ግን ሳይጠቀስ ያልፋል። እርሱም የላፕቶፑ ማሳያ ነው። ቀለምን በዐይን አይቶ መፍረድ የጥናቱ አካል በሆነበት ሁሉ ማሳያው እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ያለ የቢሮ ዕቃ ሳይሆን የመለኪያ መሣሪያ ነው፤ እንደ መለኪያ መሣሪያነቱም ሊመረጥ፣ ሊፈተሽና በጽሑፍ ሊመዘገብ ይገባዋል የሚለው የዚህ አስተያየት ጭብጥ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በዲጂታል ካሜራ የተነሣ አንድ የግእዝ ብራና መጽሐፍ እንመረምር ነበር። በብራና መጻሕፍታችን ዘንድ ቀይ ቀለም የጌጥ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ለዘርፉ አጥኚዎች የታወቀ ነው። የምዕራፍ መነሻ፣ የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም፣ ብዙ ጊዜም መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም በቀይ ይጻፋል። መጽሐፉ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በቦታው የአዲሱ የሚገባበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በአንድ ቅጠል ላይ የሚታየው ቀይ የመጀመሪያው ጸሐፊ ነው ወይስ የኋለኛ እጅ የሚለው ጥያቄ የመጽሐፉን ታሪክ እስከ መወሰን የሚደርስ ነው።

የሥራ ክፍፍላችን ቀላል ነበር። ሁለታችንም ፎቶግራፎቹን ለየብቻችን እያየን የቀዩ መልክ ከዋናው ጸሐፊ ቀይ የተለየ መስሎ የታየንን ቦታ ሁሉ እንመዘግባለን፤ ከዚያ ዝርዝሮቻችንን እናስተያያለን። ዝርዝሮቹ አልተገናኙም። እኔ “ሳሳ ያለ፣ ወደ ብርቱካን ያደላ ሁለተኛ ቀይ” ብዬ የመዘገብኋቸውን አብዛኞቹን ቦታዎች እርሳቸው ከዋናው ቀለም ፈጽሞ አልለዩአቸውም። ሁለት ሳምንት ያህል ተከራከርን። እኔ የእርሳቸው ዐይን በዕድሜ ምክንያት ደክሞ ይሆናል ብዬ በልቤ ጠርጥሬ ነበር፤ እርሳቸውም የእኔን ልምድ ማነስ ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። እንዲያውም “የሁለተኛው ጸሐፊ” መኖር ለአንድ ዐውደ ጥናት በተዘጋጀ አኅጽሮተ ጽሑፍ ውስጥ በእኔ እጅ ገብቶ ነበር።

ክርክሩን የፈታው ሥነ ጽሑፋዊ ምርምር ሳይሆን ወንበር መለዋወጥ ነው። አንድ ቀን በእርሳቸው ላፕቶፕ ላይ እንዳየው ጋበዙኝ፤ ሳየው ሁለተኛው ቀይ የለም። ወደ እኔው ላፕቶፕ ተመልሰን አብረን ስናይ፣ አለ። ከዚያ ባልደረባዬ ምስሉን በቀስታ ወደ ላይ ሲያንሸራትቱት ያ ሳሳ ያለው ቀይ ወደ ማሳያው መካከል በደረሰ ጊዜ እየጠቆረ መጣ፤ ወደ ላይኛው ጠርዝ ሲጠጋ ከዋናው ቀለም ጋር አንድ ሆነ። ሁለተኛው ጸሐፊ ይኖር የነበረው በብራናው ላይ ሳይሆን በማሳያዬ የታችኛው ክፍል ላይ ነበር።

የእኔ ላፕቶፕ ፓነል ቲኤን በመባል የሚታወቀው ዓይነት ነበር። ይህ ቴክኖሎጂ ማርቲን ሻትና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪክ በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ የፈጠራ መብት የጠየቁበት ነው፤ ከእጅ ሰዓትና ከካልኩሌተር ጀምሮ ለዛሬው ዘመን ጠፍጣፋ ማሳያ መንገድ የጠረገ ታላቅ ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በሁለት መስታወቶች መካከል ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ሞለኪውሎቹ ከአንዱ መስታወት እስከ ሌላው በ90 ዲግሪ ተጠምዝዘው የተደረደሩ ናቸው። ከጀርባ የሚመጣው ብርሃን ይህን ጥምዝ ተከትሎ በሁለቱ ፖላራይዘሮች በኩል ያልፋል። ኤሌክትሪክ ሲያርፍባቸው ሞለኪውሎቹ ከመስታወቱ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ጥምዙ ይፈታል፣ ብርሃኑም ይታገዳል። ችግሩ የሚጸናው በነጭና በጥቁር መካከል ባሉት ደረጃዎች ላይ ነው። በእነዚህ ደረጃዎች ሞለኪውሎቹ አልቆሙም፣ አልተኙምም፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አዘምመዋል። ያዘመመ የአጥር እንጨት ከጎን ለሚያየው ረጅም፣ ባዘመመበት አቅጣጫ ቆሞ ለሚያየው ግን አጭር ሆኖ እንደሚታየው ሁሉ፣ ያዘመመው ሞለኪውልም ብርሃኑን የሚያስተናግድበት መጠን ተመልካቹ በቆመበት ቦታ ይለያያል። ከላይ ለሚያየው ማሳያው ይነጣል፤ ከታች ለሚያየው ይጠቁራል፤ ከዚያም ሲያልፍ ጨለማውና ብርሃኑ ቦታ እስከ መለዋወጥ ይደርሳሉ።

ይህ የብርሃን ለውጥ ወደ ቀለም ለውጥ የሚሻገረው እያንዳንዱ ፒክስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ሦስት ክፍሎች ስላሉት ነው። የብራናው ቀይ በማሳያ ላይ ሲገለጥ ቀዩ ክፍል ከፍ ያለ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ዝቅ ያሉ ናቸው። ማዕዘኑ ሲለወጥ ሦስቱ በእኩል መጠን አይለወጡም። ከላይ ሲታይ ጨለም ያሉት ሁለቱ ከቀዩ ይልቅ በአንጻራዊ መጠን አብዝተው ስለሚነጡ፣ ጥልቁ ቀይ ሳሳ ብሎ ወደ ብርቱካን ያዘነብላል። እኔም ይህንኑ ነበር “የቀለሙ ውሕደት የተለየ ነው” ብዬ የጻፍሁት።

አንባቢ “ላፕቶፕህን ፊት ለፊት ብታየው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ” ይል ይሆናል። እኔም ፊት ለፊት ነበር የማየው። ጉዳዩን በጥቂት የትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ መመርመር ይቻላል። የ15.6 ኢንች ሰፊ ማሳያ ቁመት 19.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ተመልካቹ ዐይኑን በትክክል ከማሳያው መካከል ትይዩ አድርጎ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢቀመጥ፣ የላይኛውን ጠርዝ 11 ዲግሪ ያህል ከታች፣ የታችኛውን ጠርዝም 11 ዲግሪ ያህል ከላይ ሆኖ ያየዋል። ይህም ማለት አንገቱን ሳያነቃንቅ፣ በአንዲት ቅጽበት፣ አንዱን ማሳያ በ22 ዲግሪ ልዩነት እያየው ነው። የተለመዱ የላፕቶፕ ቲኤን ፓነሎች የቴክኒክ ሰነድ ደግሞ ለቁም አቅጣጫ በአንድ ወገን 15፣ በሌላው 35 ዲግሪ ያህል ብቻ ይፈቅዳል። ማጠፊያው ትንሽ ወደ ኋላ ቢለጠጥ ወይም ተመልካቹ ረጅም ሰው ቢሆን ከተፈቀደው ወሰን ለመውጣት ምንም ያህል አይቀረውም። ስለዚህ የቲኤን ማሳያ ላይ “ትክክለኛ የመቀመጫ ቦታ” የሚባል ነገር ለአንዲት አግድም መስመር ካልሆነ በቀር ለሙሉው ገጽ የለም።

እዚህ ላይ ገዢዎችን ስለሚያሳስት አንድ ቁጥር መናገር ተገቢ ነው። ለዴስክቶፕ የሚሸጡ የቲኤን ማሳያዎች “የእይታ ማዕዘን 170 ዲግሪ”፣ የአይፒኤስ ማሳያዎች ደግሞ “178 ዲግሪ” ተብሎ ይጻፍባቸዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነቱ ከቁም ነገር የማይገባ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሆኖም ይህ ቁጥር በልማድ የሚለካው የነጩና የጥቁሩ ንጽጽር ወደ 10 ለ1 እስኪወርድ ድረስ ያለውን ማዕዘን ነው። ፊት ለፊት 500 ለ1 የነበረ ንጽጽር 10 ለ1 ሲደርስ ምስሉ ከጥቅም ውጭ ከሆነ ቆይቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መለኪያው ስለ ቀለም አንዲት ቃል አይናገርም። ቀይ ወደ ብርቱካን ቢዞር፣ ሐምራዊ ወደ ሰማያዊ ቢሸሽ፣ ንጽጽሩ ከ10 በላይ እስከ ሆነ ድረስ ፓነሉ “ይታያል”። በእኔ ግምት ለተመራማሪ ጠቃሚ የሚሆነው ቁጥር ቀለሙ በዐይን እስኪለይ ድረስ ሳይለወጥ የሚቆይበት ማዕዘን ነበር፤ አምራቾች ግን ይህን በሽያጭ ወረቀት ላይ አያትሙትም።

አይፒኤስ የተባለው አሠራር ይህን ችግር ከሥሩ ይነካዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የጃፓኑ ሂታቺ ለገበያ ያበቃው ይህ ዘዴ ሞለኪውሎቹን ከመስታወቱ ቀና አያደርጋቸውም፤ ባሉበት ጠፍጣፋ ገጽ ላይ እንዳሉ ያዞራቸዋል። ያዘመመ እንጨት ስለሌለ ከላይም ሆነ ከታች የሚታየው መልክ እጅግ የተቀራረበ ነው። እንከን የለሽ ግን አይደለም። ንጽጽሩ በአብዛኛው 1000 ለ1 አካባቢ ስለሆነ ጥቁሩ በጨለማ ክፍል ውስጥ ግራጫ ይመስላል፤ በማዕዘኖቹም በኩል የጨለማ ምስል ላይ የሚፈነጥቅ ብርሃን ይታያል። ቪኤ የተባለው ሦስተኛ ዓይነት ጥቁሩ የጠለቀ፣ ንጽጽሩም 3000 ለ1 እና ከዚያ በላይ የሚደርስ ቢሆንም፣ ከጎን ሲታይ መካከለኛዎቹ ደረጃዎች ይነጣሉ፤ በላፕቶፕ ላይም ብዙ ስለማይገኝ እዚህ አላቆይበትም።

ኦሌድ ግን ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም በአሁኑ ጊዜ አቅም ያለው ተማሪ ሁሉ ዐይኑን የሚጥልበት እርሱ ነው። ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በኮዳክ ኩባንያ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1987 ካሳተሙት ሥራ የተነሣው ይህ ቴክኖሎጂ የጀርባ ብርሃን የለውም፤ እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ ያበራል፣ ሲጠፋም ፈጽሞ ይጠፋል። ንጽጽሩ ከየትኛውም ማዕዘን አይደክምም። ሆኖም ወደ ጎን ብዙ ሲዘነብሉት ነጩ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ጥላ ያነሣል፤ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ የቆመ ምስልም በጊዜ ብዛት አሻራውን ሊተውበት ይችላል። ለተመራማሪው የከፋው ግን በጎነቱ ራሱ ነው። የኦሌድ የቀለም ስፋት አብዛኞቹ ፎቶግራፎች ከተዘጋጁበት መለኪያ የሰፋ በመሆኑ፣ ሶፍትዌሩ ቀለሙን አስተካክሎ ካልተረጎመው በቀር ቀዩ ከእውነተኛው ይልቅ የቀላ፣ አረንጓዴውም የለመለመ ሆኖ ይወጣል። በሱቅ ውስጥ ዐይን የሚማርከው ይኸው ማጋነን ነው። ለእኔ እንደ ቲኤኑ ማሳነስ ሁሉ ይህም ሐሰት ነው፤ ልዩነቱ ደስ የሚያሰኝ ሐሰት መሆኑ ብቻ ነው።

የቀለም ስፋት ነገር ከተነሣ ዘንድ በላፕቶፕ ገበያ ላይ የምትታየውን “45 በመቶ ኤንቲኤስሲ” የምትል ጽሑፍ ማብራራት ያሻል። ኤንቲኤስሲ እ.ኤ.አ. በ1953 ለአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን የወጣ መለኪያ ነው። ዛሬ ካሜራዎቻችን፣ ድረ ገጾቻችንና አብዛኞቹ ፎቶግራፎቻችን የሚከተሉት ግን ኤችፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡትን፣ በ1999 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነውን ኤስአርጂቢን ነው። በተለመደው የ1931 የቀለም ሥዕላዊ መግለጫ ላይ የሁለቱን ሦስት ማዕዘኖች ስፋት ብናስተያይ፣ ኤስአርጂቢ የኤንቲኤስሲን 71 በመቶ ያህል ይሆናል። “72 በመቶ ኤንቲኤስሲ” የሚለው ማስታወቂያ “ሙሉ ኤስአርጂቢ ያህል” ማለት የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። በዚሁ ስሌት “45 በመቶ” የተባለው ፓነል ከኤስአርጂቢ ስፋት ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ የምናደርገው ጥንቃቄ ስፋትና ሽፋን አንድ አለመሆናቸውን ማስታወስ ነው፤ ሁለት እርሻዎች ስፋታቸው እኩል ሆኖ ድንበራቸው ላይገጥም እንደሚችል ሁሉ፣ 72 በመቶ የተባለ ፓነልም የኤስአርጂቢን አንድ ጥግ ትቶ በሌላ በኩል ሊያልፍ ይችላል።

አይፒኤስ ተብሎ የተሸጠ ሁሉ ቀለሙ ሙሉ ነው ማለት እንዳልሆነም በዚሁ ይታወቃል። ገበያው በ45 በመቶ አይፒኤስ የተሞላ ነው። እንዲህ ያለው ፓነል ከየትም ሲያዩት አይለዋወጥም፤ ከየትም ሲያዩት ግን የደበዘዘ ነው። ብዙዎቹም በእያንዳንዱ የቀለም ክፍል 8 ቢት ሳይሆን 6 ቢት ብቻ ይዘው፣ የቀረውን በአጎራባች ደረጃዎች መካከል በፍጥነት በመቀያየር ያስመስላሉ። 8 ቢት 16,777,216 ቀለሞችን ሲሰጥ 6 ቢት የሚሰጠው 262,144 ነው። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት ተቀራራቢ ቀዮችን ለመለየት ግን፣ በደበዘዘው ፓነል ላይ በመካከላቸው ያለው ርቀት ራሱ ጠቦ ይቀርባል። አጥኚው “ልዩነት የለም” ሲል ስለ ብራናው ሳይሆን ስለ ፓነሉ መናገሩ ሊሆን ይችላል። እኔ የሌለ ጸሐፊ ፈጠርሁ፤ በ45 በመቶ አይፒኤስ የሚሠራ ሌላው ደግሞ የነበረን ጸሐፊ ሊያጠፋ ይችላል። የሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው፤ ክርክር አያስነሣምና።

የብራና ጥናት ይህን በሌላ መልኩ አስቀድሞ ያየ ዘርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ያተረፈልን ሲሆን፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበረ ቀዩ ከጥቁሩ ነጣ ያለ ግራጫ ሆኖ ነው የተቀረጸው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቃውንት በዚህ ገደብ ውስጥ ሆነው ካታሎጎቻቸውን አዘጋጅተዋል፤ ገደቡ ግን የታወቀ ገደብ ነበር። የፊልሙን ግራጫ ያየ አጥኚ ሁሉ ቀለሙ እንደ ጎደለው ያውቅ ነበር። በዛሬው ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ፊት የተቀመጠው ተማሪ ግን ቀለሙ ሁሉ የተሰጠው ይመስለዋል። ከጉድለቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ያልታወቀ ጉድለት ነው።

ጉዳዩ የብራና ብቻ እንዳይመስል ሌሎች ዘርፎችንም ላንሣ። በጊምዛ የተቀባ የወባ የደም ናሙና ላይ የጥገኛው ክሮማቲን ወደ ቀይና ሐምራዊ፣ ሳይቶፕላዝሙ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የዘርፉ ባለሙያ የሚለየው በዚህ ነው። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ካሜራ ተነሥቶ በላፕቶፕ ላይ ሲታይ፣ በተለይም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠና ምስሎቹ በሰው ዐይን ሲፈረጁ፣ ፈራጁ የሚያየው ሐምራዊ የፓነሉ ሐምራዊ ነው። የአፈር ተመራማሪዎቻችን ደግሞ የመንሰልን የቀለም መጽሐፍ ይዘው በመስክ ሲሠሩ እጅግ ጥንቁቆች ናቸው፤ አፈሩ ደረቅ ይሁን እርጥብ ይመዘግባሉ፣ ቀለሙንም በቀን ብርሃን ያነባሉ። እነዚያው ጥንቁቅ ሰዎች የዚያኑ አፈር ፎቶግራፍ ማታ በቢጫ አምፑል ሥር፣ የዐይን መከላከያ ተብሎ ሰማያዊውን ብርሃን በሚቀንስ ሶፍትዌር ውስጥ ሆነው ሲያስተያዩ አይቻለሁ። በስንዴ ዋግ ምዘና ላይም ቢጫውና ቡናማው የሚለዩት በዐይን በመሆኑ ያው ጥያቄ ይነሣል።

ሊነሣ የሚችለው ጠንካራው ተቃውሞ “ቀለም ማስረጃ ከሆነ ለምን በዐይን ይታያል? ከፋይሉ ቁጥሩን አንብብ” የሚለው ነው። ትክክለኛ ተቃውሞ ነው፤ በከፊልም እቀበለዋለሁ። የእኛም ሁለተኛ ጸሐፊ የፒክስሎቹን ዋጋ ብናነብ ኖሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠፋ ነበር። ፎቶግራፉ ሲነሣ ባለ 24 ቀለም መመዘኛ ካርድ አብሮ ከተነሣ፣ በ1976 ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን ባወጣው የላብ ሥርዓት የሁለት ቀለሞችን ርቀት ዴልታ ኢ በሚባለው ልኬት በቁጥር ማስቀመጥ ይቻላል። ነገር ግን የትኛውን ቦታ እንለካ የሚለውን የሚወስነው ያው ዐይን ነው። ማንም ሰው የአንድን መጽሐፍ ሁለት መቶ ቅጠል ፒክስል በፒክስል አያነብም፤ መጀመሪያ ያያል፣ ይጠረጥራል፣ ከዚያ ይለካል። ጥርጣሬን የማያስነሣ ፓነል መለኪያውን ሥራ ፈት ያደርገዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ እርሱንም አላቃልለውም። ብዙው ተማሪያችን የሚሠራው ያገለገለ ላፕቶፕ ከገበያ ገዝቶ ነው፤ ከእነዚህም መካከል 1366 በ768 ፒክስል ያላቸው የቲኤን ማሳያዎች በብዛት አሉ። ተማሪውን ከአቅሙ በላይ ግዛ ማለት አይቻልም፤ እኔም አልልም። የምለው ተቋማት በሚገዙት ላይ ነው። በጨረታ ሰነዶች ላይ የፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ የራሙና የዲስኩ መጠን በዝርዝር ሲጻፍ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ስለ ማሳያው የሚጻፈው ግን ስፋቱ በኢንች፣ ቢበዛም የፒክስሉ ብዛት ነው። “ፓነሉ አይፒኤስ ወይም ተመጣጣኝ፣ የኤስአርጂቢ ሽፋኑ ከ95 በመቶ ያላነሰ፣ ድምቀቱ ከ300 ካንዴላ በካሬ ሜትር ያላነሰ” የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር ሻጩ ማስረጃ እንዲያቀርብ ታስገድደዋለች። መስመሯ ሳትኖር ግን አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት የሞዴል ቁጥር ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች የተለያየ ፓነል ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ ኮምፒውተር ሠሪዎች ለአንድ ሞዴል ከተለያዩ የፓነል አምራቾች መግዛታቸው የተለመደ ነውና።

ፓነሉን መለየት ደግሞ የሚመስለውን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። እያንዳንዱ ፓነል ስለ ራሱ የሚናገር አጭር የመታወቂያ መረጃ በውስጡ ይዟል፤ የመሣሪያውን ዝርዝር የሚያሳዩ ነጻ ሶፍትዌሮች ያነቡታል። ለምሳሌ የታይዋኑ ኤዩኦ ከሚሠራቸው መካከል ኮዱ “ቢ156ኤችቲኤን” ብሎ የሚጀምረው ቲኤን ሲሆን፣ “ቢ156ኤችኤኤን” የሚለው ከአይፒኤስ ወገን ነው። ሶፍትዌር የሌለው ሰው ማሳያውን በሙሉ በአንድ ወጥ መካከለኛ ግራጫ ይሙላና ማጠፊያውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያነቃንቅ። ግራጫው ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኖ ከቆየ መልካም፤ እንደ ምሽት ሰማይ ከታች ነጥቶ ከላይ ከጠቆረ ፓነሉ ማን እንደ ሆነ ራሱ ተናግሯል። ይህን ለማድረግ በሱቅ ውስጥ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ባለ ሱቆችም አይቆጡም።

ደካማ ፓነል ይዞ ለሚሠራው ተማሪ የሚቀረው ነገር የማስተያያ ሥነ ሥርዓት ነው። ሁለት ቀለሞችን ማስተያየት ሲፈልግ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች ሳይሆን ሁለቱንም ቆርጦ በማሳያው መካከል በአንድ አግድም መስመር ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው፤ በቲኤን ላይ የጎን ለውጥ ከቁም ለውጥ ይልቅ ቀላል ነው። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠራም ይጠንቀቅ። አንዳንድ የግራፊክስ ሶፍትዌሮች ኃይል ለመቆጠብ የጀርባውን ብርሃን ቀንሰው በምትኩ የምስሉን ንጽጽር በራሳቸው ስለሚለውጡ፣ ጠዋት በመብራት ያየውና ከሰዓት በባትሪ ያየው ምስል አንድ ላይሆን ይችላል። የቀለም መለኪያ መሣሪያ አንድ ለትምህርት ክፍል ቢገዛና ተማሪዎች ተራ በተራ ማሳያቸውን ቢያስተካክሉበት ወጪው ለብዙዎች ይከፋፈላል። ማስተካከል ግን ፊት ለፊት ያለውን መልክ እንጂ ማዕዘኑን እንደማያድን መታወቅ አለበት፤ የተስተካከለ ቲኤን በአንዲቱ መስመር ላይ ብቻ የተስተካከለ ነው።

ከተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ አሁን የምጠይቀው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ምስሎቹ በምን ዓይነት ፓነል፣ በምን ያህል የቀለም ሽፋን፣ በምን ብርሃን ሥር፣ ተስተካክሎ ወይስ ሳይስተካከል ታዩ? ሁለት ፈራጆች ካሉም ሁለቱ በአንድ ማሳያ ወይስ በየራሳቸው እንደ ሠሩ ይጻፍ። የፈራጆችን ስምምነት በካፓ ቁጥር የሚያቀርቡ ጥናቶች ይህን ካልገለጹ፣ ቁጥሩ የሁለት ሰዎች ስምምነት ይሁን የሁለት ላፕቶፖች ስምምነት አንባቢው ማወቅ አይችልም። አማካሪዎች ይህን መጠየቅ እስኪጀምሩ ድረስ ተማሪዎች በራሳቸው ተነሣሥተው ይጽፉታል ብዬ አልጠብቅም።

እኔና ባልደረባዬ ሥራውን ከመጀመሪያው ቅጠል ጀምረን በአንድ የተስተካከለ አይፒኤስ ማሳያ ላይ ደገምነው። አኅጽሮተ ጽሑፉን ከዐውደ ጥናቱ አስቀድመን አነሣነው። ከዝርዝሬ ውስጥ አብዛኞቹ ቦታዎች ጠፉ። ሦስት ቦታዎች ግን አልጠፉም፤ በአዲሱም ማሳያ፣ በፒክስሉም ዋጋ ቀያቸው ከሌላው ይለያል፤ ከሦስቱ አንዱም የተፋቀ ስም ያለበት ነው። ፎቶግራፉ ሲነሣ የቀለም ካርድ አብሮ ስላልተነሣ ከዚህ በላይ ከማሳያ ፊት ሆኖ መናገር አይቻልም። ባልደረባዬ ክረምቱ ሲወጣ፣ መጽሐፉ ካለበት ደብር ሄደን ቅጠሉን በቀን ብርሃን እንድናየው ቀጠሮ ይዘዋል።